«ሁለት ዓመት የተማርኩት ይቆጠርልኛል?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ እዚህ የተያዘ ክሬዲት አውሮፓ ሲደርስ ምን ይሆናል፣ እዚያ የተያዘውስ ተመልሶ ሲመጣ? ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን እንመልሳለን።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦ «የሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስቱደንት ኮፒዬ ላይ አንዱ ኮርስ በአንድ በኩል 3 ክሬዲት አወር፣ በሌላ በኩል 5 ኢሲቲኤስ ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ክሬዲት አወሩን በሁለት አባዛው፣ ዓለም አቀፍ አሠራሩ እንደዚያ ነው ይለኛል። የቱን ልያዝ? አውሮፓ ያሉትስ ይህን 5 ይቀበሉታል?»

ጓደኛህ የሰማው መሠረት አለው፣ ለአንተ ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ለማየት ሁለቱ መለኪያዎች ምን እንደሚቆጥሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ክሬዲት አወር በክፍል ሰዓት ይጀምራል። አንድ ኮርስ በሳምንት አንድ ሰዓት ሌክቸር ኖሮት ሴሚስተሩን ሙሉ ከተሰጠ አንድ ክሬዲት አወር ነው፤ ተማሪው ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በራሱ ያጠናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ የአሜሪካ አሠራር ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ያገዘው አሜሪካ ያለው የኦክላሆማ ኮሌጅ እንደነበር ካስታወስክ፣ በአካባቢህ ያሉ ትልልቆች ለምን በክሬዲት አወር ብቻ እንደሚያስቡ ይገባሃል።

ኢሲቲኤስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1989 ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ውስጥ በሙከራ የተጀመረው የአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት፣ የተማሪውን ጠቅላላ ሥራ ይቆጥራል። ሌክቸሩ፣ ላቡ፣ ንባቡ፣ አሳይመንቱ፣ ለፈተና የሚደረገው ዝግጅትና ፈተናው ራሱ ሁሉም ይገባሉ። መነሻው ይህ ነው፦ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓመት የሚሠራው 60 ክሬዲት ነው። ያ ዓመት በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 1,800 የሥራ ሰዓት ስለሚሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል። ጣሊያንና ኦስትሪያ 25 ሰዓት፣ ኔዘርላንድ 28፣ ጀርመን እስከ 30 ይቆጥራሉ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት ሲጀምሩ ይህንኑ መለኪያ ነው የወሰዱት። ኮርስ አውትላይንህን ግለጥና እይ፤ 5 ክሬዲት ላለው ኮርስ በጠቅላላ 135 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። ለ5 ስታካፍለው 27 ይመጣል፣ በአውሮፓው ወሰን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማባዣው እንምጣ። አሜሪካዊ ተማሪ በዓመት 30 ክሬዲት አወር ያህል ይወስዳል፤ 60 ለ30 ሲካፈል 2 ይሆናል። የጓደኛህ «በሁለት አባዛው» የመጣው ከዚህ ነው። የእኛ ፕሮግራሞች ግን በዓመት ከዚያ በላይ ይጭናሉ። የፕሮግራምህ የዓመት ጫና 36 ክሬዲት አወር ከሆነ 60 ለ36 ሲካፈል 1.67 ነው፤ 3 ክሬዲት አወር በ1.67 ሲባዛ 5 ይሰጣል። ስቱደንት ኮፒህ ላይ ያየኸው 5 ይኸው ነው። ጫናው 34 ከሆነ ማባዣው 1.76 ይሆናል፣ ያው ኮርስ 5.3 ይመጣል። ሁሉንም በ2 ብታባዛ ግን በዓመት 72 ክሬዲት ሠርቻለሁ ማለትህ ነው። ገምጋሚው ይህን ሲያይ ቁጥሩን ብቻ አይጥልም፣ የቀረውንም ወረቀትህን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መካፈያው ፕሮግራሙ በሥርዓተ ትምህርቱ ያስቀመጠው የዓመት ጫና ነው፤ አንተ በዚያ ዓመት የተመዘገብክበት አይደለም። ኮርስ አድ ያደረገ ወይም ድሮፕ ያደረገ ተማሪ በራሱ ቁጥር ካካፈለ የተዛባ ውጤት ያገኛል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ራስህ አለመቀየር ነው። ማመልከቻ ፎርሙ በኢሲቲኤስ ሙላ ካላለህ በስተቀር ትራንስክሪፕቱ እንዳለ ይሂድ፣ ከእሱ ጋር ከሬጅስትራር ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዝ። በማብራሪያው ውስጥ ሴሚስተሩ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ አንድ ክሬዲት ስንት ሰዓት እንደሚይዝ፣ የላብና የተግባር ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ፕሮግራሙ በዓመትና በጠቅላላው ስንት ክሬዲት እንዳለው፣ የማለፊያ ውጤቱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የአምስት ዓመት ምህንድስና በአውሮፓ አቆጣጠር 300 ክሬዲት ነው፤ የአራት ዓመት ዲግሪ 240፣ የሦስት ዓመት 180። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ከ180 እስከ 240፣ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ስለሆነ የድሮው የሦስት ዓመት ዲግሪም በርዝመቱ ብቻ ከበር የሚመለስ አይደለም።

5ቱን ይቀበሉታል ወይ ላልከው፦ እንደ ሥራ መጠን፣ ብዙ ጊዜ አዎ። ነገር ግን ቁጥሩ ምን ያህል እንደሠራህ እንጂ ምን እንደተማርክ አይነግራቸውም። የማስተርስ ማስታወቂያ ላይ «ከሒሳብ ቢያንስ 20 ክሬዲት፣ ከመካኒክስ ቢያንስ 15» የሚል ዓይነት መስፈርት ስታይ፣ ገምጋሚው የሚደምረው የኮርሱን ርዕስ ሳይሆን በአውትላይኑ ውስጥ ያለውን ነው። «አፕላይድ» የሚል ርዕስ ያለው ኮርስህ ግማሹ ሒሳብ ቢሆን እንኳ አውትላይኑን ካላያያዝክ ማንም አይቆጥርልህም።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ «የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ጨርሻለሁ፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ተለማምጃለሁ። ቤተሰቦቼ አውሮፓ ስላሉ እዚያ ልጨርስ አስቤያለሁ። ሁለቱ ዓመት ይቆጠርልኛል ወይስ ከዜሮ ልጀምር?»

እህታችን፣ በመካከል ነው የሚሆነው፤ መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ከአገር ከመውጣትሽ በፊት የምትሰበስቢው ወረቀት ነው። ከሄድሽ በኋላ እነዚህን ወረቀቶች በሰው በኩል ማስወጣት እጅግ አድካሚ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ውሳኔዎችን ለያይተሽ ያዢ። አንደኛው ቅበላ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አድርጎ ይቀበልሻል ወይ የሚለው። ሁለተኛው ዕውቅና ነው፣ ከተቀበለሽ በኋላ የትኞቹን ኮርሶች ከመውሰድ ነፃ ያደርግሻል የሚለው። ሁለቱን የሚያዩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቅበላውን የምዝገባ ክፍሉ ያያል፤ ጀርመን ከሆነ አናቢን የሚባለውን የመንግሥት ዳታቤዝ ከፍቶ የተማርሽበት ተቋም በምን ደረጃ እንደተመዘገበ ይመለከታል። የኮርሶቹን ዕውቅና ግን የፕሮግራሙ የፈተና ቦርድ ወይም እሱ የወከለው መምህር ነው የሚወስነው። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤ ስለደረሰሽ ሁለቱ ዓመት ተቆጥሯል ብለሽ አትደምድሚ፤ ለዕውቅናው ለብቻው ማመልከት አለብሽ፣ ብዙ ቦታም በመጀመሪያው ሴሚስተር ውስጥ የሚያልፍ ቀነ ገደብ አለው።

መምህሩ አምስት ነገር ያያል፦ ደረጃውን፣ የሥራ ጫናውን፣ የተቋሙን ጥራት፣ የፕሮግራሙን ዓላማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪዋ ኮርሱን ስትጨርስ ምን ማድረግ እንደምትችል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የሊዝበን የዕውቅና ስምምነት የሚጠይቀው ሙሉ መመሳሰልን አይደለም፤ «ከፍተኛ ልዩነት» ከሌለ ዕውቅና ይሰጥ፣ ልዩነት አለ የሚለውም ራሱ ያሳይ ነው የሚለው። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ስላልሆነች ይህን እንደ ውል መብት አንስተሽ ልትከራከሪበት አትችዪም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በልማድ ሁሉንም አመልካች በዚሁ ሚዛን ይመዝናሉ። ውድቅ የሆነ ኮርስ ካለ «ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ምክንያቱ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ይዘሽ የምትሄጂው ይህ ነው። የወሰድሻቸው ኮርሶች ሁሉ አውትላይን፣ አንቺ በተማርሽበት ዓመት ሲሠራበት የነበረው ዕትም፣ በእያንዳንዱ ገጽ የዲፓርትመንቱ ማኅተም አርፎበት። ዘንድሮ የተሻሻለው ዕትም ከትራንስክሪፕትሽ ኮድ ጋር ካልገጠመ ችግር ይፈጥራል። አውትላይኑ ርዕሶችን ብቻ ሳይሆን የሰዓት ክፍፍሉን፣ ማጣቀሻ መጻሕፍቱንና የምዘናውን ክፍፍል ካልያዘ ደግሞ መምህሩ ያንን ገጽ ጨምሮ እንዲፈርምበት ለምኚ። ቀጥሎ ራስሽ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጂ፤ በግራ ያንቺ ኮርስ ከነሰዓቱ፣ በቀኝ የእነሱ ሞጁል፣ በመካከል የሚገጥሙት ይዘቶች። የፈተና ቦርዱ ውስጥ ያለው መምህር የአንድን የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት ፈልፍሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ በሠንጠረዡ እሱ ሊሠራው የነበረውን ሥራ አንቺ ሠርተሽለታል ማለት ነው።

ነርሲንግ ላይ ግን ከክሬዲት በላይ የሆነ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአጠቃላይ ነርስ ሥልጠና በሕግ የተወሰነ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመትና 4,600 ሰዓት፣ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ የክሊኒክ ተግባር፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ንድፈ ሐሳብ መሆን አለበት። ሐኪም ለመሆንም እንደዚሁ ቢያንስ አምስት ዓመትና 5,500 ሰዓት ተደንግጓል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ቢፈልግ እንኳ በሰነድ ያልተደገፈ የክሊኒክ ሰዓት ሊቆጥርልሽ አይችልም። «ክሊኒካል ፕራክቲስ፣ 6 ክሬዲት፣ ቢ ፕላስ» የሚል መስመር አይበቃም። በየትኛው ዋርድ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ተቆጣጣሪነት እንደሠራሽ የሚያሳይ ደብዳቤና የሎግቡክሽ ኮፒ ያስፈልጋል።

ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ለመናገር፦ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና የነርሲንግ መሠረታውያን ጥሩ ዕድል አላቸው። የፍሬሽማን ኮርሶች፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሞራልና ሲቪክስ ወይም አንትሮፖሎጂ፣ በነርሲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ነፃ ምርጫ ከሌለ የሚገቡበት ቦታ አያገኙም። ይህ ኮርሱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚተካው ኮርስ የለም ማለት ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን የማይቆጥሩ ተቋማት አሉ። የመመረቂያ ጽሑፉና የመጨረሻው ክፍልም እዚያው እንዲሠራ አብዛኞቹ ያስገድዳሉ።

እዚህ ያለሽበትን ዩኒቨርሲቲ ሳትሰናበቺ አትሂጂ። ዊዝድሮዋል ሞልተሽ፣ ክሊራንስ ጨርሰሽ ውጪ። ዝም ብለሽ ከጠፋሽ በሚቀጥለው ሴሚስተር ያልተሟሉ ውጤቶች ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይጻፋሉ፣ እነሱም አብረውሽ ይሄዳሉ፤ ነገሩ ሳይሳካ ብትመለሺ ደግሞ ለሪአድሚሽን የምታቀርቢው ነገር አይኖርሽም።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦ «ለአንድ ሴሚስተር ልውውጥ ተመርጫለሁ። ለርኒንግ አግሪመንት የሚባል ቅጽ ልከውልኛል። ከዚህ በፊት የሄደች ልጅ ስትመለስ ኮርሶቿ አልተያዙላትም ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ።»

ፍርሃትህ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱም ያው የላኩልህ ቅጽ ነው፣ በትክክል ከተሞላ። ለርኒንግ አግሪመንት ሦስት ወገን የሚፈርሙበት ስምምነት ነው፤ አንተ፣ የላከህ ዩኒቨርሲቲና የሚቀበልህ። ሁለት ሠንጠረዦች አሉት። በመጀመሪያው እዚያ የምትወስዳቸው ኮርሶች ይሞላሉ፣ ለአንድ ሴሚስተር በጠቅላላ ወደ 30 ክሬዲት። በሁለተኛው ስትመለስ በእነሱ ምትክ እዚህ የሚያዙልህ ኮርሶች ይጻፋሉ። የሚመለሱ ተማሪዎች የሚጎዱት በሁለተኛው ነው። ባዶ ይተዉታል፣ ወይም «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ይሞላል፣ ወይም የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮው ይፈርምበታል ግን ዲፓርትመንቱ አያውቀውም። ከመሄድህ በፊት ሁለተኛው ሠንጠረዥ በዲፓርትመንት ካውንስል ቀርቦ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ የቃለ ጉባኤው ኮፒ አንዱ ሬጅስትራር ፋይልህ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። የዲፓርትመንት ኃላፊ በመካከል ይቀየራል፤ ቃለ ጉባኤ ግን ይቆያል።

እዚያ ስትደርስ የመረጥከው ኮርስ ተሰርዞ ወይም በማትችለው ቋንቋ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ፤ ይህ የተለመደ ነው። ቅጹ ለዚህ «በቆይታ ጊዜ» የሚል ክፍል አለው። ለውጡን ሴሚስተሩ በተጀመረ በአምስት ሳምንት ውስጥ ጠይቅ፣ ሦስቱም ወገኖች በሁለት ሳምንት ውስጥ ያጽድቁት። በቃል «ችግር የለም» ያለህን መምህር ኢሜይል አስጽፈው። ከጨረስክ በኋላ የተቀበለህ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ከወጣ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ትራንስክሪፕት መላክ አለበት፤ ሳትሰናበት በፊት ማን እንደሚልከውና ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚልከው ጠይቀህ ያዝ። የወደቅክበት ኮርስ አንድም ክሬዲት አይሰጥም፤ ግማሹን ተከታትያለሁ የሚባል ነገር በኢሲቲኤስ የለም።

ከድሬዳዋ፣ አንድ የዲፓርትመንት አስተባባሪ፦ «ተማሪዎቻችን ስዊድን ደርሰው 7.5 ክሬዲት ያላቸው ኮርሶች ይዘው ይመጣሉ። የእኛ ባለ 5 ነው። 2.5ቱን ምን እናድርገው? ውጤቱንስ ወደ እኛ ፊደል እንዴት እንለውጥ?»

ይህን መጠየቅዎ በራሱ ተማሪዎቹን ይጠቅማል፤ ብዙ ቦታ ችግሩ የሚታወቀው ተማሪው ሊመረቅ ሲል ነው።

ኮርስ በኮርስ ለማጋጠም ከሞከሩ ሁልጊዜ ትርፍ ወይም ጉድለት ይኖራል። የስዊድን ሴሚስተር አራት ባለ 7.5 ኮርስ ነው፣ የእርስዎ ስድስት ባለ 5። ሁለቱም 30 ናቸው። ስለዚህ በጥቅል ያያይዟቸው፤ አራቱ ኮርሶች በአንድነት ለስድስቱ ይተካሉ ብለው አስቀድመው ይወስኑ፣ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ዋና ኮርስ ካለ እሱን ብቻ ለይተው ተማሪው ተመልሶ እንዲወስደው ያድርጉ። ከዚህም የሚሻለው ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ ምርጫ ኮርሶችን ወደ አንድ ሴሚስተር መሰብሰብና ተማሪ የሚላከው በዚያ ሴሚስተር እንዲሆን ማድረግ ነው። የአውሮፓ ተቋማት ይህን ከብዙ ችግር በኋላ ነው የተማሩት። ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ተከታታይ ኮርሶች ካሉዎት ተማሪን በዚያ ጊዜ መላክ አንድ ዓመት ማስረዘም ነው።

ስለ ውጤቱ፦ አንዳንድ መመሪያዎች ዛሬም ከኤ እስከ ኢ ያለውን የኢሲቲኤስ የውጤት መለኪያ ይጠቅሳሉ፤ ካለፉት ተማሪዎች ከላይ 10 በመቶው ኤ፣ ቀጥሎ 25 ቢ፣ 30 ሲ፣ 25 ዲ፣ የመጨረሻው 10 ኢ የሚለውን። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ቀርቷል፤ አሁንም በእሱ የሚሠራ ሰነድ ካለዎት ያንሱት። የተተካው በውጤት ሥርጭት ሠንጠረዥ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በዚያ የትምህርት መስክ ካለፉት ተማሪዎች ስንት በመቶው የትኛውን ውጤት እንዳገኙ ያሳያል፣ እርስዎም የራስዎን ያዘጋጃሉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ተማሪው በየትኛው ድርሻ ውስጥ እንደወደቀ ያያሉ። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ በፈረንሳይ ይታያል፦ ከ20 የሚታረም ፈተና ላይ 16 ያገኘ እጅግ ጎበዝ ይባላል፣ ማለፊያው ደግሞ 10 ነው። ያንን 16 ወደ መቶኛ ቀይረው 80 ካሉት ተማሪውን ይበድሉታል። ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ካልቻሉ ክሬዲቱን ይያዙና ውጤቱን «ያለፈ» ብለው ከጂፒኤ ስሌት ውጭ ያድርጉት። ይህም ቢሆን ከመሄዱ በፊት ለተማሪው በጽሑፍ ይነገረው።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ «ጂፒኤዬ 3.0 ነው። የጀርመን ማስተርስ 2.5 ይጠይቃል ይላል። ከበቂ በላይ አለኝ ማለት ነው?»

አይደለም፣ ልክ ድንበሩ ላይ ነሽ። በጀርመን 1.0 ከሁሉ የሚበልጠው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ይሻላል። የሚጠቀሙበት የተሻሻለው የባቫርያ ቀመር ነው። ከከፍተኛው ውጤት ያንቺን ትቀንሻለሽ፣ ከከፍተኛው ላይ የማለፊያውን ቀንሰሽ ባገኘሽው ታካፍዪዋለሽ፣ በ3 ታባዢና 1 ትጨምሪያለሽ። ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ሲሆን 3.0 የሚሰጠው 2.5 ነው። 3.4 ደግሞ 1.9 ይሆናል፣ 2.6 ወደ 3.1 ይወርዳል። ማለፊያው የሚነበበው ከትራንስክሪፕቱ ጀርባ ካለው ማብራሪያ ነው፤ ያ ገጽ ሳይታይ ስካን ከተደረገ ገምጋሚው የሚይዘውን ቁጥር አንቺ አትቆጣጠሪውም። ሁለቱንም ገጽ ላኪ።

ከመጋላ፣ ድሬዳዋ፦ «የእንግሊዝ አንድ ዓመት 120 ክሬዲት ነው። የእነሱ ትምህርት እጥፍ ይከብዳል?»

አይከብድም፣ የመቁጠሪያው ልዩነት ነው። የእንግሊዙ አንድ ክሬዲት 10 የሥራ ሰዓት ነው፤ ሁለቱ አንድ የአውሮፓ ክሬዲት ይሆናሉ። 20 ክሬዲት ያለው ሞጁል በኢሲቲኤስ 10 ነው፣ 180 የሆነው የአንድ ዓመት ማስተርስ ደግሞ 90።

ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ፦ «በኢንተርኔት የወሰድኳቸው ኮርሶች ሰርተፊኬት አሉኝ። ይያዙልኛል?»

ሰርተፊኬቱ ላይ የክሬዲት ብዛት፣ የትምህርቱ ደረጃ፣ ፈተናው ማንነትህ ተረጋግጦ መሰጠቱና የሰጠው ዕውቅና ያለው ተቋም ከተጻፈ መጠየቅ ትችላለህ፣ የሚወስነው ያው ቦርዱ ነው። «ተከታትሏል» ብቻ የሚል ከሆነ በክሬዲት አይቆጠርም፤ ሲቪህ ላይ አስገባው።

ከሐረር፣ የተማሪ አባት፦ «ልጄ በ2015 ዓ.ም. ተመርቋል። ማመልከቻውን ሲልክ የትምህርት ጊዜው አይገጥምም ብለው መለሱበት። ትራንስክሪፕቱ ትክክለኛ ነው፤ ምን አጠፋን?»

አባታችን፣ ጥፋት የለም፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። 2015 ዓ.ም. በእነሱ 2022/23 ነው። ዲግሪው በአንዱ፣ ትራንስክሪፕቱ በሌላው አቆጣጠር ሲጻፍ ወይም «ዓ.ም.» የሚለው በእንግሊዝኛው ቅጂ ሲቀር፣ ገምጋሚው ልጁ ከ12ኛ ክፍል በፊት የተመረቀ ይመስለዋል። ሬጅስትራሩ በሁለቱም አቆጣጠር የገባበትንና የተመረቀበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለት፣ ከዲግሪው ጋር አብሮ ይላክ።

በዚያው ሌሎቹንም ይመልከቱ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆነ ኮስት ሼሪንጉ ሳያልቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይለቀቅለትም፤ ስቱደንት ኮፒውን ደግሞ ብዙ የአውሮፓ ተቋማት ለመጨረሻ ምዝገባ አይቀበሉትም። ሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ እንዲልክ የሚጠይቁም አሉ፤ ፖስታው በእጁ ከተከፈተ ዋጋ የለውም። እንደ አገሩና እንደ ኮሌጁ ዓይነት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ፣ ከዚያም የሰነዶች ማረጋገጫና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ሊጠየቅ ይችላል፤ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ኤምባሲውን ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ። ለጊዜውም ይጠንቀቁ። ብዙ የጀርመን ፕሮግራሞች ለመስከረምና ጥቅምት መግቢያ ሐምሌ 8፣ ለመጋቢትና ሚያዝያ መግቢያ ጥር 7 ይዘጋሉ፤ ለውጭ አመልካች ከዚያም አስቀድመው የሚዘጉ አሉ። ማኅተም ለማስመታት አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ካለ ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ይጀመር።

ስሙንም በፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ትራንስክሪፕቱ ላይ «መሐመድ» በአንድ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው ከጎደለ፣ ሬጅስትራሩ እንደ ፓስፖርቱ እንዲያስተካክለው መጠየቅ ያለበት ማኅተሞቹ ከመመታታቸው በፊት ነው። ከተመቱ በኋላ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል።